አዲሱ መዝገብ ለምን ባዶ ሆነ?



ልጅዎ የልደት ሻማውን ሊያጠፋ ጉንጩን ነፍቶ ቆሟል። ቤተሰቡ ዙሪያውን ከቦ «አንድ፣ ሁለት…» ይላል። እርስዎ ስልክዎን ሲደቅኑ «በቂ ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሻማው ጠፋ፣ ጭብጨባው አለፈ፣ እርስዎ ግን ገና በቴሌግራም የመጡ የሠርግ ቪዲዮዎችን እየሰረዙ ነው። ይህ ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ችግር ነው፤ የሚሞላው ግን ስልክ ሳይሆን ማንም በእጁ የማይዘው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ኮምፒውተር ነው። በቤተሰብ የምትሠሩት አነስተኛ ንግድ ካለና ደንበኞች በድረገጽ የሚያዙዎት ከሆነ እስከ መጨረሻው ይከተሉኝ። የምነግርዎ የራሴን ጥፋት ነው።

ታላቅ እህቴ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ሸማው ከሽሮ ሜዳ ይመጣል፣ ጥልፉና ስፌቱ እሷ ቤት ያልቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደንበኞች ጥለት መርጠው፣ ልካቸውን ሞልተው የሚያዙበት ትንሽ ድረገጽ ሠራሁላት። ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም ያዙበታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ብሂል እህቴ እንደ ቀልድ አትወስደውም፤ ከገና ማግስት እስከ ከተራ ያሉት ቀናት የዓመቱ ትልቁ ገበያዋ ናቸው።

አምና ጥር 3 ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰዉ ማዘዝ አልቻልንም እያለኝ ነው።»

«እታለም፣ እኔ ጋ እኮ ይከፈታል።»

«መከፈቱንማ ይከፈታል። ልካቸውን ሞልተው ‹ላክ› ሲሉት ነው ድርግም የሚለው።»

ይህችን የእህቴን አነጋገር ልብ ይበሉልኝ። ድረገጹ ይከፈታል፣ ፎቶዎቹ ይታያሉ፣ ዋጋው ይነበባል፤ ነገር ግን ምንም ማስገባት አይቻልም። ይህ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲስኩ መሙላቱ ነው። ማንበብ አዲስ ቦታ አይፈልግም፣ መጻፍ ግን ይፈልጋል። እስከ ልባሱ የተጻፈበትን ደብተር እንደ ልብ ያነቡታል፣ አንዲት መስመር ግን አይጨምሩበትም።

ገብቼ ሳየው እንደፈራሁት ነው። የተከራየነው ሰርቨር ያለው 25 ጊጋባይት ቦታ መቶ በመቶ ሞልቷል። ከዚያ ውስጥ 17ቱን ጊጋባይት የያዘው አንድ ፋይል ብቻ ነው። የቀሚሶቹ ፎቶ አይደለም፣ የደንበኞች ትእዛዝም አይደለም። ሎግ ነው።

ሎግ ምንድን ነው? ቃሉ በእንግሊዝኛ ግንድ ማለት ነው። የጥንት መርከበኞች ቋጠሮ ባለው ገመድ የታሰረ እንጨት ወደ ባሕር ጥለው፣ በተወሰነች ጊዜ ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንደተተረተረ በመቁጠር ፍጥነታቸውን ይለኩ ነበር። ልኬቱ የሚጻፍበት ደብተርም በእንጨቱ ስም ተጠራ። የመርከብ ፍጥነት እስከ ዛሬ በ«ኖት» ማለትም በቋጠሮ መነገሩ ከዚሁ የመጣ ነው። ለእኛ ግን ከመርከብ ይልቅ የመሥሪያ ቤት በር ይቀርበናል። ወደ አንድ ግቢ ሲገቡ የጥበቃ ሠራተኛው መዝገብ ገልጦ ስምዎን፣ የመጡበትን ጉዳይና የገቡበትን ሰዓት ይጽፋል አይደል? የድረገጽ ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ማን መጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተበላሸ፣ ለእያንዳንዱ መስመር ይጽፋል። ችግር ሲመጣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚገልጠው ይህንን መዝገብ ነው።

የጥበቃው መዝገብ ሲሞላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፣ አዲስ ይከፈታል፣ በጣም ያረጀው ይወገዳል። በኮምፒውተርም ይኸው ሥራ አለ፤ ባለሙያዎች «ሎግ ሮቴሽን» ይሉታል፣ እኔና እህቴ «መዝገብ መቀየር» እንለዋለን። በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ይህን የሚሠራው ሎግሮቴት የተባለ መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ይነሳል፣ የመቀየሪያ ጊዜው የደረሰውን ፋይል ስሙ ላይ 1 ቁጥር ጨምሮ ያስቀምጠዋል፣ የቀድሞውን 1 ወደ 2 ያሸጋግራል፣ ከተወሰነው ቁጥር ያለፈውን ይሰርዛል።

«ታዲያ እናንተ ሰርቨር ላይ አልነበረም?» ይሉኝ ይሆናል። ነበር እንጂ! በገዛ እጄ ነው የጫንኩት፣ በየሳምንቱ እንዲቀይር ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ፕሮግራም አንድን ፋይል አንዴ ከከፈተ በኋላ የያዘው ፋይሉን ራሱን እንጂ ስሙን አይደለም። ስሙን ቢቀይሩት ፕሮግራሙ አያውቅም፣ ግድም የለውም፤ እዚያው ላይ መጻፉን ይቀጥላል። የግቢውን ጥበቃ ያስቡት። የቢሮው ሰው መጥቶ በያዘው መዝገብ ልባስ ላይ «አሮጌ» የሚል ወረቀት ለጠፈበት፣ ጠረጴዛው ላይ አዲስ መዝገብ አስቀመጠ፣ ለጥበቃው ግን ምንም ሳይናገር ሄደ። ጥበቃው መጻፉን በያዘው ላይ ቀጠለ። አዲሱ ባዶውን ተቀመጠ።

ይባስ ብሎ እኔ ለሎግሮቴት «መዝገቡ ባዶ ከሆነ አትቀይር» የሚል ትእዛዝ ሰጥቼው ነበር። የተለመደ ትእዛዝ ነው፣ ብዙ ቦታ አለ። በየሳምንቱ ይመጣል፣ አዲሱን መዝገብ ያያል፣ ባዶ ነው፣ «የሚቀየር የለም» ብሎ ይሄዳል። «አሮጌ» የተባለው ደግሞ ማንም ሳያየው ያብጣል። ስለዚህ የሎግ ማኅደር ውስጥ ገብተው ዋናው ፋይል ባዶ ሆኖ፣ 1 ቁጥር ያለው ግን በየቀኑ ሲያድግ ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም። ፕሮግራሙ መዝገብ መቀየሩን የነገረው የለም ማለት ነው።

ያን ምሽት ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። እህቴ በሌላኛው ስልክ ደንበኛ እያረጋጋች ነው፣ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። 17 ጊጋባይቱን ፋይል ሰረዝኩት። ከዚያ ቦታውን ተመለከትኩ። አሁንም መቶ በመቶ።

ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከዝርዝር ላይ ማውጣት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ አለ፤ ቦታውንም አይለቅም። እንዲያውም ነገሩን አባባስኩት፤ ቀድሞ የሚታየው ፋይል አሁን የማይታይ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ምልክት ልንገርዎ። ሊኑክስ ላይ ቦታ የሚለኩ ሁለት ትእዛዞች አሉ። ዲኤፍ የሚባለው የዲስኩን ጠቅላላ ሒሳብ ይናገራል፤ ዲዩ የሚባለው ፋይሎቹን አንድ በአንድ ደምሮ ይነግርዎታል። ሁለቱ በብዙ ከተለያዩ፣ አንዱ «ሞልቷል» ሌላው «8 ጊጋባይት ብቻ ነው» ካለ፣ ተሰርዞ ግን በአንድ ፕሮግራም እጅ ያለ ፋይል ይጠርጥሩ። ኤልኤስኦኤፍ የተባለው ትእዛዝ የትኛው ፕሮግራም እንደያዘው ያሳያል። ይህን እስካስታውስ 40 ደቂቃ አባከንኩ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ ሳስነሳው ቦታው ባንድ ጊዜ ተለቀቀ።

ማድረግ የነበረብኝ ሌላ ነው። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሺህ መስመሮች ወደ ራሴ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ከዚያ ፋይሉን ሳልሰርዝ ይዘቱን ብቻ ባዶ ማድረግ። ሊኑክስ ይህን ይፈቅዳል፤ ፕሮግራሙ እንደያዘው ቦታው ወዲያው ይለቀቃል፣ ማስረጃውም አይጠፋም።

ራሴን ለማጽናናት አንድ ታሪክ አስታወስኩ። ናሳ ወደ ማርስ የላካት ስፒሪት የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. ጥር 2004 ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት በትክክል መልስ መስጠት አቆመች፤ እየጠፋች እንደገና እየተነሳች ስትቸገር ሰነበተች። ምክንያቱ በማስታወሻ ክፍሏ ውስጥ የተጠራቀሙት ፋይሎች መብዛት ነበር። ከምድር ሆነው ያንን ክፍል ሳትነካ እንድትነሳ አዘዟት፣ ፋይሎቹን ሰረዙላት፣ ለ90 የማርስ ቀናት የታሰበችው ተሽከርካሪ እስከ 2010 ሠራች። እነሱስ ቢሆኑ፣ አልኩ። እህቴ ግን በዚህ አልተጽናናችም።

ምክንያቱም ዲስኩ በሞላበት ሰዓት ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ሎጉም መጻፍ አቁሞ ነበር። ወረቀቱን ሁሉ የጨረሰው መዝገብ የራሱን ጥፋት የሚጽፍበት ቦታ አጣ። ዘጠኝ ደንበኞች ደውለው ነገሩን። ሳይደውሉ የሄዱት ስንት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አናውቅም። አንዲት እናት ለሦስት ልጆቿ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ልብስ አዝዛ፣ ገጹ ነጭ ሲሆንባት «ደርሷል ማለት ነው» ብላ ተኝታለች። ጥር 8 ቀን «ልብሱ መቼ ይመጣል?» ብላ ደወለች። ትእዛዟ እኛ ዘንድ የለም። እህቴ ሁለት ሌሊት ሳትተኛ ሰፋች፤ የጥለቱ ክር ግን ለሁለቱ ልጆች ብቻ በቃ። ሦስተኛዋ ሌላ ጥለት ለብሳ ታቦት ሸኘች። እናትየዋ አልተቆጣችም፣ የተጠየቀችውንም ከፈለች። ዘንድሮ ግን አላዘዘችም።

ወደ መፍትሔው ልመለስ። መዝገብ ሲቀየር ፕሮግራሙን ማሳወቂያው መንገድ ሁለት ነው። የተሻለው ሎግሮቴት ስሙን ከቀየረ በኋላ ለፕሮግራሙ ምልክት እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ፕሮግራሙ ምልክቱን ሲሰማ የያዘውን ይዘጋል፣ አዲሱን ይከፍታል። ኢንጂንኤክስና አፓቼ የመሳሰሉት የታወቁ የድረገጽ አገልጋዮች ኡቡንቱ ላይ ሲጫኑ ይህ ተዘጋጅቶላቸው ይመጣል። የሚረሳው ባለሙያው ራሱ የጻፈው ፕሮግራም ነው። የእኛ ፕሮግራም ምልክት መስማት አይችልም ነበር፤ እኔው አላስተማርኩትም።

ሁለተኛው መንገድ ይዘቱን ወደ ሌላ ፋይል ገልብጦ፣ ፕሮግራሙ የያዘውን እዚያው እንዳለ ባዶ ማድረግ ነው። ጥበቃው መዝገቡን ከእጁ ሳያወርድ ገጾቹ ፎቶ ኮፒ ተነስተው እንደሚነጩለት ዓይነት ነው። ለጊዜው እሱን መረጥኩ። ጉድለት አለው፤ በመገልበጡና ባዶ በማድረጉ መካከል ባለችው ቅጽበት የተጻፈ መስመር ይጠፋል፣ ለግልባጩም ትርፍ ቦታ ያስፈልጋል። ለልብስ ሱቅ ይበቃል። ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ግን አልመክርም።

ሌሎች ወጥመዶችንም ጠቅሼ ልለፍ፣ ባለሙያዎ ይረዳዎታል። «ፋይሉ 100 ሜጋባይት ሲደርስ ቀይር» ተብሎ ቢታዘዝም ሎግሮቴት የሚያየው በተነሳ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀን አንዴ ከሆነ የሚነሳው፣ ያበደ ፕሮግራም በአንድ ከሰዓት በኋላ ዲስኩን ሊሞላ ይችላል። የሎጉ ማኅደር ሌላ ተጠቃሚ ሁሉ እንዲጽፍበት ክፍት ከሆነ ሎግሮቴት ለደኅንነት ሲል ሥራውን እምቢ ይላል፣ እምቢታውንም ማንም በማያነበው ቦታ ይጽፋል። የፋይል ስሞቹ በኮከብ ምልክት በግዴለሽነት ከተሰጡት የተቀየረውን እንደገና ይቀይራል፣ ስሙ 1.1.1 እየሆነ ይረዝማል። በመሞከሪያው መንገድ ሲነሳም ምን እንደሚያደርግ ይናገራል እንጂ ምንም አያደርግም፤ ይህን አይቶ «ሠራ» ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ባለሙያ አውቃለሁ። ዶከር የሚባለውን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ለሎጉ መጠን ወሰን እንደማያበጅ ይወቁ።

አሁን ከቦታ መሙላት በላይ ወዳስደነገጠኝ ነገር ልምጣ።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱን መዝገብ ገልጬ «ለመሆኑ ይህን ያህል ምን ሲጽፍ ነበር?» ብዬ አነበብኩ። ነሐሴ ላይ የክፍያ ችግር ለማግኘት ብዬ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ዝርዝር እንዲጽፍ አዝዤው፣ ችግሩ ሲገኝ መመለሱን ረስቼዋለሁ። ለዓመታት ተኝቶ የነበረው የመቀየር ስሕተት በአምስት ወር ውስጥ የፈነዳው ለዚህ ነው። ግን የተጻፈው ምን መሰልዎት? ደንበኛ የሞላችው ቅጽ በሙሉ። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የደረት ልክ፣ የወገብ ልክ፣ የዳሌ ልክ። በግልጽ ጽሑፍ፣ በመስመር በመስመር።

እህቴ ልክ የምትጽፍበት ሰማያዊ ደብተር አላት። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የሠራተኞቿ እጅ እንኳ ያለ እሷ ፈቃድ አይነካውም። ነገሩን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «የሰው ልክ እኮ ነው» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ይህ የትንሽ ሱቅ ስንፍና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ትዊተር ከ330 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎቹን የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ ብሎ መክሯል፤ ምክንያቱ የይለፍ ቃሎቹ ከመመስጠራቸው በፊት በውስጥ ሎግ ላይ መጻፋቸው ነበር። በዓመቱ፣ መጋቢት 2019፣ ፌስቡክም የብዙ መቶ ሚሊዮን ሰዎችን የይለፍ ቃል በሚነበብ ጽሑፍ በውስጥ ሥርዓቱ ማስቀመጡን አምኗል። ሁለቱም ቤት ውስጥ የታወቁ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ሎግ ማንም እንደ ሀብት የማይቆጥረው ወረቀት ስለሆነ የሚጠብቀውም የለም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኛን ስልክና አድራሻ የሚይዝ ነጋዴ ሁሉ ሊያነበው ይገባል ባይ ነኝ። አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፤ ሰርቨሩ በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰድለት ከሆነ ሎጉም አብሮ ይገለበጣል። እኔ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ካጸዳሁ በኋላ የዚያን አምስት ወር ቅጂዎች ፈልጎ ማጥፋት ሁለት ቅዳሜ ወሰደብኝ።

እርስዎ ይህን ሁሉ ራስዎ ይሥሩ አልልም። ድረገጽዎን የሚይዝልዎት ልጅ ወይም ድርጅት ካለ ግን ሻይ ጋብዘው ይጠይቁ። ሎጋችን ስንት ቀን ይቀመጣል? ባለፈው ሳምንት የተቀየረውን አሳየኝ ይበሉ፤ «ይቀየራል» የሚል ቃል አይበቃዎትም፣ ፋይሎቹን ከነቀናቸውና ከነመጠናቸው ይዩ። የዛሬው ፋይል ውስጥ የዛሬ መስመር አለ ወይ? ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ ለማን መልእክት ይሄዳል? አንድ የሙከራ ትእዛዝ ራስዎ ሞልተው ይላኩና የእርስዎ ስልክ ቁጥር ሎጉ ውስጥ እንዳለ ፊት ለፊትዎ እንዲፈልግ ያድርጉት። በዚህ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ሌላ ይፈልጉ። ጊዜውም ከበዓል ሳምንት ቀድሞ ይሁን፤ በዋዜማ የሚነካ ሰርቨር ጥሩ ነገር አያመጣም።

የእኛው አሁን መዝገቡን በየቀኑ ይቀይራል፣ በየሰዓቱም መጠኑ ይታያል፣ 14 ቀን ያለፈው ይሰረዛል። የልክ ቁጥሮችና ስልኮች ሎጉ ላይ እንዳይጻፉ ፕሮግራሙን አስተካክያለሁ፤ ምልክት መስማትም ተምሯል። የዘንድሮው ጥምቀት ዋዜማ ዲስኩ 38 በመቶ ላይ ነበር።

እህቴ ስለ ኮምፒውተር ማወቅ የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። አሁን ግን እሑድ እሑድ ስትደውልልኝ ከሰላምታው በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር አላት።

«አዲሱ መዝገብ ላይ ተጽፏል?»

«ተጽፏል፣ እታለም።»

«ከፍተሽ አይተሻል?»

እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ የምከፍተው እሷ ስትጠይቀኝ ነው።